ክርክር፦ የታመመ ባል የባንክ ካርድ በሚስቱ እጅ ይሁን?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ባለቤቴ ባይፖላር አለበት፤ አንዴ ከልክ በላይ የሚያነቃቃ፣ አንዴ ድባቴ ውስጥ የሚከት የአእምሮ ሕመም ነው። ጥቅምት ላይ ሦስት ሌሊት አልተኛም። ድካም የለ፣ ወሬው አያልቅ። በአራተኛው ቀን ለቤቱ ክፍያ ያጠራቀምነውን ብር በስልኩ ለማናውቀው ሰው ላከ፤ ለዶሮ እርባታ ነው አለ። አሁን ደህና ሆኖ ሥራ ገብቷል። ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ልያዝ ብል እህቱ «ሕፃን አደረግሽው» አለችኝ። እናንተስ?

ባለ ሚኒባሱ፦ ያዢ እንጂ! ልጆቹ ምን ይብሉ? አጎቴ በአንድ ሳምንት ለሁለት መኪና ቀብድ ከፍሎ፣ ያው ቀብዱ ቀለጠ።

የኮዬዋ፦ ቀስ በል ወንድሜ። እኔም ይሄው ሕመም አለብኝ። የቀድሞ ባሌ «አንቺ ታማሚ ነሽ» እያለ አራት ዓመት ደሞዜን ያዘ። ሲሻለኝም አልመለሰልኝም። ለታክሲ እንኳ ለምኜ ነበር የምወጣው።

ባለ ሚኒባሱ፦ እሱ ሌባ ነዋ። እሷ እኮ ሌባ አይደለችም።

የኮዬዋ፦ መጀመሪያ እሱም አልነበረም።

ሲስተር፦ ነርስ ነኝ። ገንዘብ መበተኑ የሕመሙ ምልክት ነው፤ ዓመሉ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ማጣት ራሱም ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ያኔ ሌሊት ይሠራ ነበር?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ አይ። ማኅሌተ ጽጌ ግን ቆሞ ያድር ነበር። ይሄን አስቤው አላውቅም።

የብሎኩ እናት፦ ልጄ፣ እንጦጦ ጠበል ውሰጂው። ያ ኪኒን እኮ አደንዝዞታል።

ሲስተር፦ እማማ፣ ጠበሉን አልቃወምም። ኪኒኑን ግን አያስቁሙት፣ በድንገት ሲቆም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። የሚወስደው ሊቲየም የሚባለው የባይፖላር መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በማስመለስ ወይም በተቅማጥ ሰውነቱ ውሃና ጨው ሲያጣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማችና መርዝ ይሆናል። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ ወይም ካንገዳገደው ወዲያው ሐኪም ጋ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በየጊዜው የሚለካውም ለዚህ ነው። ጾም ሲገባም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የብሎኩ እናት፦ እሺ፣ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ጠበሉ ግን አይቅርበት።

ሕግ ተማሪው፦ የቤተሰብ ሕጉን እዩት፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ከጋራ ሀብት ከ100 ብር በላይ ስጦታ፣ ከ500 ብር በላይ ብድርም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ታሞም ሆነ ጤነኛ።

ባለ ሚኒባሱ፦ 100 ብር? ለሠርግ ፖስታ እንኳ ሚስቴን ላስፈርም ነው? ሃሃ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ሕጉ ጥሩ ነበር። ስልኩ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ሚስትህ ተስማማች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ባልየው፦ በእሷ ስልክ የምጽፈው እኔው ነኝ። አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ፣ ከዚያ ትንሽ ሳቅኩ። ብሩን የላክሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። እናንተ የማታውቁት ግን፣ ዛሬ ቀልድ ሰምቼ ጮክ ብዬ ብስቅ ቤቱ ሁሉ «ኪኒንህን ዋጥክ?» ይለኛል። ደስ ሊለኝ አይችልም? ድባቴው ሲይዘኝ ሁለት ወር ከአልጋ አልወርድም፤ ያኔ ስለ ካርዴ የሚጨነቅ የለም።

ሲስተር፦ ደህና በሆንክበት ሰዓት አንተው ራስህ ብትወስንስ? በወረቀት።

ባልየው፦ ትናንት ማታ ጽፈናል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛሁ ካርዱን እሰጣታለሁ፣ በማግስቱ ክሊኒክ እንሄዳለን። የቤቱ ብር ሁለታችንም ካልፈረምን በማይወጣ ሂሳብ ይገባል። ለእህቴም ሆነ ለዕድሩ ወሬ አይወጣም።

የኮዬዋ፦ መመለሻውስ? መቼ ነው የሚመለስልህ?

ባልየው፦ እሱ ላይ ነው የተጣላነው። እኔ አንድ ሳምንት ከተኛሁ አልኩ። እሷ ሐኪሙ ሲል አለች። ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው፣ አብረን ገብተን እንጠይቀዋለን።