ፓምፑ ሲነሳ የሴንሰሩ ንባብ ይናወጣል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ለእናቴ የጓሮ አትክልት በአርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚሠራ ትንሽ የመስኖ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። የአፈር እርጥበት ሴንሰር ይለካል፤ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ያጠጣል።

ፓምፑ ሳይነሳ ንባቡ 520 አካባቢ ይረጋል። እንደተነሳ ግን ከ300 እስከ 800 ይዘላል፤ ደረቁ አፈር እርጥብ መስሎ ስለሚታይ ፓምፑ ቶሎ ይቆማል፣ ጎመኑም ይጠማል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሞተሩ ባለ ብሩሽ ስለሆነ ብሩሹ (ጅረቱን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፈው መገናኛ) የሚፈጥረው ብልጭታ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ረብሻውን እንዲቀንስ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በይጃለሁ፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ዝላይ የሚገታ ዳዮድም አለው። ረብሻው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ብዙ ንባቦችን ወስዶ አማካይ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ ግን ከምንጩ ባደርቀው እመርጣለሁ።

ዋናው ጥርጣሬዬ ግራውንዱ (ጅረቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ዜሮ ቮልት መስመር) ላይ ነው። ፓምፑና ሴንሰሩ በአንድ ቀጭን ሽቦ ስለሚመለሱ፣ የፓምፑ ኃይለኛ ጅረት ሲያልፍ የሴንሰሩ ዜሮ ቮልት አብሮ ከፍ ይላል። ሁለቱን ሽቦዎች ለይቼ ባትሪው ላይ ብቻ ባገናኛቸው ይበቃል? ወይስ ከእያንዳንዱ የሞተር ጫፍ ወደ ብረት አካሉ ተጨማሪ ካፓሲተር ልበይድ? የሴንሰሩ ገመድ ሦስት ሜትር ያህል ሲሆን ከፓምፑ ሽቦ ጋር ተጠግቶ ያልፋል። ከየትኛው ብጀምር ይሻላል?