አስቸኳይ! ላፕቶፔ 48 አሃዝ ቁልፍ እየጠየቀ አልነሳ አለኝ፣ ነገ ዴሞ አለኝ

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ላፕቶፔ ከትናንት ማታ ጀምሮ አይነሳም። ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና «ቢትሎከር ሪከቨሪ» ይላል፣ ከዛ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቀኛል። እኔ ምንም ነገር ቆልፌ አላውቅም። ያ ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቀው ቫይረስ ነው እንዴ? ነገ 8 ሰዓት ላይ አንድ የዴቨሎፐሮች ሚትአፕ ላይ ፕሮጀክቴን አቀርባለሁ። ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያለው ፋይሌ ሳይጠፋ ዊንዶውሱን ብቻ እንዴት ልጫን?

ናቲ_ዴቭ፦
ወንድሜ ፎርማት አድርገውና ተገላገል። ዊንዶውስ በፍላሽ ለመጫን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ሁሌም እንደዛ ነው የማደርገው።

ፍሬም_ወርቅ፦
ኧረ ናቲ ተው! ወንድሜ፣ ፎርማት እንዳታደርግ። ቫይረስ አይደለም። ቢትሎከር የራሱ የዊንዶውስ ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይቆልፋል። ብዙ አዳዲስ ዊንዶውሶች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገባ ሳይጠይቅህ ራሱ ይበራል፣ ለዚህ ነው ቆልፌ አላውቅም የምትለው። ቁልፉን የምትጠብቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ቲፒኤም የምትባል ቺፕ ናት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንድ ነገር ከወትሮው ከተለየባት ቁልፉን አትሰጥም። ያኔ ነው ያን 48 አሃዝ የሚጠይቅህ። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ንገረን፦ ከዚህ በፊት ምን ነካካህ? ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ገብተሃል?

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
እህትህ ነኝ፣ ችግር የለም። አዎ፣ ባዮስ ገብቼ ሴኪዩር ቡት የሚለውን (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) አጥፍቼዋለሁ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ (ሌላ ሲስተም) ከዊንዶውሱ ጎን ልጭን ነበር፣ ያየሁት ቪዲዮ መጀመሪያ እሱን አጥፉ ይላል። ኡቡንቱውን ግን ገና አልጫንኩም፣ ፍላሹን ብቻ ነው ያዘጋጀሁት።

ፍሬም_ወርቅ፦
ይቅርታ እህቴ። በቃ ችግሩ እሱ ነው። ቲፒኤሟ ሴኪዩር ቡት በርቶ ነበር የምታውቀው፣ አሁን ጠፍቶ አገኘችው። ተመልሰሽ ባዮስ ግቢና አብሪው። ማሽኑ እንደተከፈተ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 10 ወይም ዲሊት ደጋግመሽ ንኪ፣ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። ሌላ የቀየርሽው ካለ እሱንም ወደነበረበት መልሺው። ሴቭ አድርገሽ ውጪ። ያለ ምንም ቁልፍ ሊነሳልሽ ይችላል። ደግሞ ኡቡንቱ ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይጫናል፣ ማጥፋት ከነጭራሹ አያስፈልግሽም ነበር።

ጋሽ_ሰርቨር፦
የኔ ልጅ፣ እስቲ ይህን ነገር ከሥሩ እንየው። እናንተ ወጣቶች ኮድ መጻፍ ትወዳላችሁ፣ ባክአፕ ማድረግ ግን አትወዱም። እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለ ዲስክ ብዙ አይቻለሁ። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤትሽ ውጪ ይሁን። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ቡና ይደፋበታል። ለመሆኑ ፕሮጀክትሽ ጊትሀብ ላይ (ኮድ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት) የለም ወይ? ከሌለ ምን ትሠሪ ነበር? ዩኒቨርሲቲስ ይህን አያስተምሯችሁም?

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
ጋሽዬ ኮዱማ አለ፣ ሁሉም ወደዛ ተልኳል (ፑሽ ተደርጓል)። የሌለው ዳታው ነው። ፕሮጀክቱ የሰፈራችንን እድር መዋጮ የሚመዘግብ አፕ ነው። ጸሐፊው በደብተር ነበር የሚይዙት፣ ደብተሩን ተውሼ የአባላቱን ስም፣ ስልክና የከፈሉበትን ወር ሁሉ አንድ በአንድ አስገብቻለሁ። እሱ በኤስኪውላይት (የዳታቤዝ) ፋይል ዲ ላይ ነው ያለው። የሰዎቹን ስምና ስልክ ጊትሀብ ላይ መጫን ደግሞ ልክ አልመሰለኝም፣ አንድ ቀን ሪፖውን (የኮዱን ማስቀመጫ) ለሁሉም ልከፍተው ስለምችል።

ጋሽ_ሰርቨር፦
ይህንንስ ጥሩ አስበሻል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው፣ የሰው ስምና ስልክ ያለ ፈቃዱ አይበተንም። ግን ፋይሉን በፓስወርድ ዚፕ አድርገሽ በፍላሽ እናትሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል እኮ። ጠንከር ያለ ፓስወርድ ስጪው።

ናቲ_ዴቭ፦
እና ዳታው ዲ ላይ ከሆነ ዊንዶውሱ ያለበትን ሲን ብቻ ፎርማት ብታደርጊ ምን ችግር አለው? ዲ አይነካም።

ባለ_ጥገና_መገናኛ፦
ናቲ እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ ሱቃችን በየጊዜው በዚህ ምክንያት የሚያለቅስ ሰው ይመጣል። ሲና ዲ አንድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ቢትሎከሩ ሁለቱንም ቆልፏቸው ሊሆን ይችላል። ዲ በራሱ የሚከፈትልሽ መክፈቻው ሲ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ሲን ፎርማት አደረግሽ ማለት ያን መክፈቻ አጠፋሽው። ዊንዶውሱ አዲስ ሆኖ ይነሳል፣ ዲ ላይ ግን ቁልፍ ተስሎበት ታገኚዋለሽ፣ ለእሱ ደግሞ ሌላ 48 አሃዝ ያስፈልግሻል። ዲስኩን አውጥተሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኪውም ያው ነው። በኡቡንቱ ፍላሽ ብታስነሺውም ያለ ቁልፉ አይነበብም። «እኛ እንከፍትልሻለን» የሚልሽ ሱቅ ካለ ገንዘብሽን አትስጪ። ያለ ቁልፍ የሚከፍት የለም፣ እኔም አልከፍትም።

ዶት_ኔት_አበበ፦
48 አሃዝ? የሎተሪ ቁጥር እንኳን ይሻላል።

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
ሴኪዩር ቡትን መልሼ አበራሁት፣ ኢኔብልድ ይላል። አሁንም ይጠይቀኛል። በጣም ፈራሁ።

ፍሬም_ወርቅ፦
አይዞሽ። ፍላሹ ተሰክቷል? ንቀይው። ከዛ ባዮስ ውስጥ የቡት ኦርደሩን (ማሽኑ መጀመሪያ ከየት እንደሚነሳ የሚለውን) እይው፣ ለኡቡንቱው ብለሽ ፍላሽን አንደኛ አድርገሽ ከነበረ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለውን ወደ ላይ መልሺው። የመነሻ ዘዴው ዩኤፍአይ ከሚባለው አዲሱ ወደ አሮጌው፣ ወደ ሌጋሲ ተቀይሮም እንደሆነ ተመልከቺ፣ መልሺው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ክሊር ቲፒኤም» የሚል ብታዪ እንዳትነኪው! እሱን ከነካሽ ቺፗ የያዘችው ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ የሚያድንሽ 48 አሃዙ ብቻ ነው።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
እዚህ ገና ቀን ነው፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የማያችሁ። እኔ የምሠራው አይቲ ሰፖርት ነው፣ በየሳምንቱ የሚደርሰን ጥያቄ ነው። እህቴ፣ ባዮሱ ባይሳካም ቁልፉ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስልክሽ ላይ በብሮውዘር የማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ግቢ፣ «ዲቫይስስ» በሚለው ሥር ላፕቶፑን ንኪ፣ የቢትሎከር ቁልፎችን የሚያሳይ አለ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ኪ አይዲ» የሚል ታያለሽ፣ የእሱ የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደልና ቁጥሮች አካውንቱ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ከተመሳሰሉ ከጎኑ ያለው 48 አሃዝ ያንቺ ነው። ላፕቶፑ ላይ የትኛውን ኢሜይል ነበር የምትጠቀሚው?

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
ሁለት ናቸው። የራሴ አለ፣ ኦፊስ ለመጠቀም ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል አስገብቻለሁ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ ከሱቅ ስገዛው ዊንዶውሱ ተጭኖ ነበር።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ሁለቱንም እይ። በራስሽ አካውንት ከሌለ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ግቢና እዛ ፈልጊ፣ ላፕቶፑ በእሱ ተመዝግቦ ከሆነ ቁልፉ እነሱ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ የአይቲ ክፍሉ ማየት ይችላል። እዛም ከሌለ ሱቁ ዊንዶውሱን ሲጭን በራሱ አካውንት ከፍቶት ሊሆን ይችላል፣ ደውይላቸው። ያገለገለ የምትገዙ ልጆች ሁላችሁም ስሙኝ፦ ቤት እንደገባ የመጀመሪያው ሥራ ዊንዶውሱን ራሳችሁ ከዜሮ መጫን ነው። የማታውቁት ሰው አካውንት ላይ የተቆለፈ ዲስክ ይዛችሁ ዓመት አትቀመጡ።

ሊኑክስ_ብቻ፦
እኔ የማይገባኝ ዱዋል ቡቱ (ሁለት ሲስተም ጎን ለጎን መጫኑ) ራሱ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ወይ ጨርሰሽ ኡቡንቱ ግቢ፣ ወይ ዊንዶውስ ላይ ሆነሽ ደብልዩኤስኤል ጫኚ። ሊኑክሱ ዊንዶውሱ ውስጥ ይሠራል፣ ዲስክ መከፋፈል የለ፣ ባዮስ መንካት የለ። እንደ ጃንጎና ኖድ ላሉ የአፕ መሥሪያዎች ከበቂ በላይ ነው።

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
ራሙ 8 ጊጋ ነው። ደብልዩኤስኤል፣ ዶከር (አፖችን ለየብቻ የሚያስኬድ) እና ብሮውዘር አንድ ላይ ስከፍት ይቆማል። ለዛ ነው።

ሊኑክስ_ብቻ፦
እንደዛ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ራም ነው እንጂ ሌላ ሲስተም አይደለም። ሞዴሉን እይው፣ ራሙ የሚነቀል ከሆነ 16 አድርጊው።

ዶት_ኔት_አበበ፦
ካልሆነ ሽጪውና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 ግዢ። ለተማሪ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ሁለት ባትሪ አለው፣ መብራት ሲጠፋ የኋለኛውን ነቅለሽ ሌላ ትሰኪያለሽ፣ ውስጠኛው ስላለ ማሽኑ አይጠፋም። ቲ 490 ግን አዲስ ስለሆነ ይሻላል ብለሽ እንዳትገዢ፣ አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ሻጩ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ነው ብሎ ካቆመ ትውልዱን ጠይቂው። የፕሮሰሰሩ ቁጥር 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ 6300 ካለ 6ኛ ነው፣ ዋጋቸው ሊራራቅ ይገባል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ከ8ኛ ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል።

ናቲ_ዴቭ፦
ማክቡክ ኤም 1 ይሻላል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ድምፅም የለው።

ዶት_ኔት_አበበ፦
ባትሪው ላይ እስማማለሁ። ራሙ ግን ለዘላለም ያው ነው፣ 8 ከገዛሽ 8 ነው። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የስልክ ማስመሰያ) እና ዶከር ለሚከፍት ሰው 8ቱን አልመክርም፣ 16ቱ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።

ቤዛ_ፍሮንትኤንድ፦
እናንተ ላፕቶፕ ትሸጣላችሁ፣ ልጅቷ ነገ ዴሞ አላት! ስሚኝ እህት፣ ላፕቶፑ ዛሬ ባይነሳም ዴሞው አይቀርም። ኮዱ ጊትሀብ ላይ ነው አይደል? የጓደኛሽን ላፕቶፕ ተዋሺ፣ ኮዱን ክሎን አድርጊ (አውርጂ)፣ ዛሬ ማታ አስነሺው። ዳታውን በሐሰት አባላት ሙዪው። አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ እያልሽ 20 ሰው አስገቢ፣ አንዳንዶቹ ያልከፈሉ ይሁኑ፣ አንዱ ሁለት ወር ቀድሞ የከፈለ ይሁን። እውነት ለመናገር ዳታው በእጅሽ ቢኖርም እንደዚሁ ነው ማድረግ ያለብሽ። ማን መዋጮ እንዳልከፈለ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ማሳየት የለብሽም፣ ከአዳራሹ ውስጥ የሰፈርሽ ሰው አይጠፋም። የሚትአፕ ኢንተርኔትን ደግሞ አትመኚ፣ ሁሉም ነገር ያለ ኔት መሥራቱን ዛሬ ሞክሪ፣ አጭር ቪዲዮም ቅጂና ስልክሽ ላይ ይኑር። የኤችዲኤምአይ ማገናኛም ያዢ።

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
ቤዚዬ ተባረኪ፣ ይህን እንኳ አላሰብኩትም። ጎረቤታችን ያለው ልጅ ያውሰኛል፣ አሁን ልሄድ ነው። ፍላሹንም ልንቀልና ቡት ኦርደሩን ልይ።

ፒያሳ_ፓይተን፦
ይቅርታ ከርዕስ ልውጣ። እኔም ለቁብ ተመሳሳይ ነገር እየሠራሁ ነው። ጳጉሜን እንዴት አደረግሽው? የእኔ 13ኛውን ወር እንደ ሙሉ ወር እየቆጠረ ሰው ላይ ዕዳ ይጭናል።

ኮደር_ከሽሮሜዳ፦
እኛ ጋ መዋጮው የ12 ወር ነው። በጳጉሜ የከፈለ ሰው ለመስከረም ቅድሚያ ተብሎ ይያዝለታል፣ ጸሐፊውም በደብተር እንደዛ ነበር የሚያደርጉት። ቀኑን ለማሳየት ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለውን ኢንትል ነው የተጠቀምኩት፣ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» ስትለው ራሱ ይቀይራል። ከእኛ ወደ ፈረንጅ መመለስ ግን አይችልም፣ እሱን ራሴ ጻፍኩት። ጳጉሜ 6 የሆነበትን ዓመት መፈተሽ እንዳትረሳ፣ 2015ን ሞክረው። ቀጣዩ 2019 ነው። አሁን ሄድኩ።

ናቲ_ዴቭ፦
ምን ሆነ? ተነሳልሽ? ፎርማት አላደረግሽም አይደል?

ባለ_ጥገና_መገናኛ፦
ገና መልስ አልሰጠችም። እስከዛው ለሌሎቻችሁ፦ ባዮስ ከመንካታችሁ ወይም አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት ዊንዶውሱ ውስጥ ቢትሎከሩን «ሰስፔንድ» አድርጉት (ለጊዜው አቁሙት)፣ ሲነሳ ቁልፍ አይጠይቃችሁም። ሆም የሚባለው ዊንዶውስ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚል አለ፣ በርቶ እንደሆነ ዛሬውኑ ተመልከቱ። ከበራ 48 አሃዙን ከአካውንታችሁ አውጡና በወረቀት ጻፉት፣ ወረቀቱን ግን ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።

ራሄል_3ኛ_ዓመት፦
አሁን አየሁት፣ የእኔም በርቷል። አካውንቱ ላይ ግን ሁለት ቁልፍ ነው የሚያሳየኝ፣ የትኛውን ነው የምጽፈው?

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ሁለቱንም ከነ ኪ አይዲያቸው ጻፊያቸው። አንዱ የሲ፣ ሌላው የዲ ሊሆን ይችላል። በተጠየቅሽ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከሚወጣው አይዲ ጋር ታስተያያለሽ።