የእንግሊዝኛ ዜና አርዕስት ለምን ይከብዳል? ቃላቱስ እንዴት ይያዛሉ?

ጀማሪ አንባቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ በየቀኑ ዜና አነባለሁ። የሚገርመው ከዝርዝሩ ይልቅ አርዕስቱ ነው የሚከብደኝ። ለምሳሌ «ሚኒስተር ቱ ኩዊት ኦቨር ታክስ ሮው» የሚል አየሁ። መዝገበ ቃላቱ የመጨረሻውን ቃል «ረድፍ» ይለዋል፤ የግብር ረድፍ ምንድን ነው? ደግሞ አዲስ ቃል ሁሉ ደብተር ላይ ብጽፍም ከአእምሮዬ ይጠፋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አርታኢ፦ ወንድሜ፣ የመጨረሻው ቃል እዚህ ላይ ውዝግብ ማለት ነው። ሲነበብም «ራው» ነው፣ ከ«ናው» ጋር ቤት ይመታል። የብሪታንያ ጋዜጦች ይወዱታል። «ቱ» ከግስ በፊት ሲመጣ ገና የሚሆን ነገር ነው፤ ስለዚህ «ሚኒስትሩ በግብር ውዝግብ ሊለቁ ነው» ማለቱ ነው። ትናንት የሆነው ግን በአሁን ጊዜ ግስ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ዋዝ» እና «ወር» ከአርዕስቱ ሲቀሩ ነው፦ «ፋይቭ ሄልድ አፍተር ፋየር» ቢል አምስት ሰዎች ተያዙ እንጂ ያዙ አይደለም። «ፕሮብ» ምርመራ፣ «ቢድ» ሙከራ፣ «ከርብ» መገደብ፤ እነዚህ አጫጭር ቃላት የሚመረጡት ቦታ ስለሚቆጥቡ ነው። ስታያቸው እወቃቸው፣ በንግግርህ ግን አትጠቀምባቸው፤ ለጆሮ ይጎረብጣሉ።

ቃል ሰብሳቢ፦ ደብተሩን በተመለከተ፣ ቃልን ብቻውን አትጻፍ፤ ከጓደኛው ጋር ጻፈው። እኛ ማዕቀብ እንጥላለን፣ እናነሳለን። «መጣል»ን በቀጥታ ገልብጦ «ስሮው ሳንክሽንስ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። እንግሊዝኛው «ኢምፖዝ ሳንክሽንስ» ይላል፣ ሲነሳ ደግሞ «ሊፍት»። ይባስ ብሎ «ሳንክሽን» ግስ ሲሆን አንዳንዴ መፍቀድ፣ ማጽደቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ገልብጥ። በቀን ከአምስት ቃል አትለፍ፤ በጽሑፉ ውስጥ የተደጋገመውን ወይም ሐሳቡን የዘጋብህን ብቻ ምረጥ። ለሳምንት ያህል አንድ ጉዳይ ተከታተል። ምርጫ ከሆነ ምርጫ፣ ድርቅ ከሆነ ድርቅ፤ ያው ቃላት በየቀኑ ስለሚመለሱ ሳትሸመድድ ይገባሉ። ከርዕስ ርዕስ ከዘለልክ ግን ዛሬ የጻፍከውን ቃል ለወራት ላታገኘው ትችላለህ።

ጀማሪ አንባቢ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ደረጃዬን የሚመጥን ጽሑፍ እንዴት ልለይ?

አርታኢ፦ 100 ቃል ቆጥረህ የማታውቀውን አስምርበት። ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ያለ እርዳታ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅን መነሻ አድርጎ፣ ለጋዜጣ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃልና ከእሱ የሚወጡት ቅርጾች እንደ አንድ ተቆጥረው) ያስፈልጋል ብሏል። ስለዚህ አሥር ካሰመርክ ጽሑፉ ከብዶሃል። ያኔ ዜናውን መጀመሪያ በቢቢሲ አማርኛ አንብበህ ወደ እንግሊዝኛው እለፍ፤ ነገሩን ስለምታውቀው ቃሉን ከአገባቡ ትገምታለህ። ሁለቱ ቃል በቃል ስለማይመሳሰሉ መስመር ለመስመር ለማጋጠም ግን አትድከም።