የሰፈራችን መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲመች ከየት እንጀምር?

እግረኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምንኖርበት መንገድ ሁለት ዋና ዋና ጎዳናዎችን ያገናኛል። ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ጠዋትና ማታ ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ መኪናው ሁሉ በእኛ በር ያቋርጣል፤ ያውም እየበረረ። ግራና ቀኝ መኪና ስለሚቆም ልጆች ከመሀል ብቅ ሲሉ ሹፌሩ አያያቸውም። «30» የሚል ምልክት ተተክሏል፤ ለውጥ ግን የለም። አሁን መንገዱ ሊታደስ ነውና ነዋሪዎች ሐሳብ አቅርቡ ተብለናል። ጎረቤቶቼ በየበሩ ጉብታ ይሠራልን ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጄ በብስክሌት ትምህርት ቤት እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ጉብታ ብቻውን ያንን የሚያመጣልኝ አይመስለኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቀድማላችሁ?

ቶሎ ይሠራ፦
ጉብታ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ውስብስብ ነገር ስትጠይቁ ሁሉም ሳይሠራ ይቀራል።

የመንገድ ነዳፊ፦
እህቴ፣ የመንገድ ንድፍ የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው። ጉብታን አልቃወምም። ግን ከእሱ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ እነዚህ መኪኖች በእናንተ በር ምን ጉዳይ አላቸው? ሰፈር ውስጥ ጉዳይ ያለው ይግባ። ለማቋረጥ ብቻ የሚመጣው ግን ዋና መንገድ ተሠርቶለታል። ጉብታ ስትሠሩ ያው መኪና እየተንገጫገጨ ያልፋል እንጂ አይቀርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለመኪና እንዲዘጋ ነው። መሀሉ ላይ አጫጭር ምሰሶዎች ይተከሉ። እግረኛና ብስክሌት በመሀላቸው ይለፍ፤ መኪና ይመለስ። እያንዳንዱ ቤት እንደ በፊቱ በመኪና ይደረሳል። በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው መውጣት ብቻ ነው የሚቀረው። እንዲህ ሲሆን አቋራጭ ፈላጊው ይጠፋል፤ ልጅሽም የተለየ የብስክሌት መስመር እንኳ ላያስፈልጋት ይችላል።

የመኪናው ብዛት ራሱ ጉዳት ነው። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ ተመራማሪ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚመሳሰሉ ሦስት መንገዶችን አጥንቶ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። በቀን 2,000 ገደማ መኪና በሚያልፍበት መንገድ አንድ ነዋሪ በዚያው መንገድ የሚኖሩ በአማካይ 3 ወዳጆች ነበሩት። 16,000 ገደማ በሚያልፍበት ግን አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.9 ነበር። ይህን ቁጥር ለጎረቤቶችሽ ንገሪያቸው። ጉዳዩ የአደጋ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። 30 ላይ ያለ መኪና፣ ሹፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። 50 ላይ ያለው በዚያችው አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ተጉዟል። አስቢው፤ የመጀመሪያው ቆሞ ባለቀበት ቦታ ሁለተኛው ፍሬኑን ገና አልነካም። ልጁን የሚያገኘው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ለዚህ ነው የኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ ገና እ.ኤ.አ. በ1992 ከዋና ዋና መንገዶች በቀር ከተማውን በሙሉ 30 ያደረገችው። ስፔን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባላቸው የከተማ መንገዶች ሁሉ ይህንኑ ወሰን ደነገገች።

ምልክቱ ግን ብቻውን እንደማይሠራ ራስሽ አይተሻል። ሹፌር የሚታዘዘው ለመንገዱ መልክ ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ «ሂድ» ይለዋል፤ ምልክቱ «ቀስ በል» ቢለውም የሚሰማው መንገዱን ነው። የመኪናውን መስመር አጥብቡት። የሚቆሙት መኪኖች ለጥቂት ሜትሮች በግራ፣ ከዚያ በቀኝ እየተፈራረቁ ይቁሙ፤ ያኔ ቀጥታው ይሰበራል፣ ማንም አይበርም። ማቋረጫው አጠገብ ምንም መኪና አይቁም። እዚያ የእግረኛውን መንገድ ወደ አስፋልቱ ገፋ አድርጉት፤ ልጁ ከመሻገሩ በፊት በግልጽ ይታያል፣ የሚያቋርጠውም ስፋት ያንሳል።

መታጠፊያውን አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ከዋናው መንገድ ወደ እናንተ የሚታጠፍበት ጥግ ሰፊ ክብ ከሆነ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይገባል። ጥጉ ጠበብ ሲል ግድ ይቀንሳል። መግቢያው ላይ ደግሞ የእግረኛው መንገድ በከፍታው ሳይቋረጥ ይቀጥል። መኪናው ወደ እግረኛው ከፍታ ይውጣ እንጂ እግረኛው ወደ መኪናው አይውረድ። ሹፌሩ ሰው የሚኖርበት ቦታ መግባቱን ያኔ ያውቃል።

ጉብታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ከመጣም ተዳፋቱ ለስላሳ ይሁን፦ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ10 ሳንቲሜትር ያልበለጠ። አጭርና ሹል ጉብታ መኪና ይሰብራል፣ ብስክሌተኛ ይጥላል። ርቀት ከበዛባቸውም ሹፌሩ በመሀል መልሶ ነዳጅ ይረግጣል።

ሁለት ጎማ፦
በነዳፊው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ከብስክሌት ኮርቻ ላይ የሚታይ ነገር ልጨምር። መንገድ ስታጠቡ ብስክሌቱ የት እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ ወስኑ። ድንገት የሚጠብ ቦታ ላይ መኪናና ብስክሌት እኩል ሲደርሱ የሚገፋው ብስክሌተኛው ነው። ከጎን ለብስክሌት ብቻ የሚሆን ማለፊያ ከተውሽለት ግን ችግር የለም።

የቆሙ መኪኖችን ታክኮ በቀለም የተሰመረ የብስክሌት መስመር ካቀረቡላችሁ ደግሞ አትቀበሉ። የመኪና በር ሲከፈት አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። ያ መስመር ልጅሽን በሩ በሚከፈትበት ቦታ ያስኬዳታል። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ነጭ በትር፦
እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። የእግረኛው መንገድና አስፋልቱ እኩል ይሁኑ ሲባል ብዙ ጊዜ እኛ እንረሳለን። ለብዙዎቻችን የመንገዱን ጫፍ የሚነግረን ጠርዙ ነው። በትሬ ጠርዝ ካጣ መኪና መሀል ልገባ እችላለሁ። ከፍ ያለ ማቋረጫ ሥሩ፤ ለዊልቸርም ለሕፃን ጋሪም ይጠቅማል። ግን የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ላይ በእግር የሚዳሰስ፣ አበጥ አበጥ ያለ ንጣፍ ይኑረው። ይህን ንጣፍ ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጥፏል። አዲስ ነገር አይደለም፤ «አናውቀውም» የሚል ሰበብ አትቀበሉ። ብስክሌትም በእግረኛ መንገድ ላይ አይነዳ። ድምፅ የለውም።

እግረኛዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የንጣፉን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ ማመልከቻው ላይ ከላይ አስገባዋለሁ። መንገዱን መሀል ላይ መዝጋት የሚለውን ለአንዳንድ ጎረቤቶች ሳነሳ ግን ወዲያው «አምቡላንስና እሳት አደጋ በየት ይገባል?» አሉኝ። «ትራፊኩስ ወደ ቀጣዩ መንገድ ቢዞርስ?» ያሉም አሉ። ምን ልበላቸው?

የመንገድ ነዳፊ፦
ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከምሰሶዎቹ አንዱ በቁልፍ የሚነቀል ይሁን፤ ቁልፉ በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሠራተኞች እጅ ይሁን። ንድፉ ሳያልቅ እነሱን አነጋግሯቸው፤ ካለቀ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ጉብታ ከተፈለገም ተቆራርጦ የሚሠራ ዓይነት አለ። የእሳት አደጋ መኪና የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ሰፋ ብለው ስለሚራራቁ ጉብታውን በመሀላቸው አድርጎ ያልፋል፤ ጠባቡ የቤት መኪና ግን ይወጣበታል።

የቀጣዩ መንገድ ነዋሪዎች ስጋት እውነት ሊሆን ይችላል፤ አታጣጥሉት። የእናንተን ብቻ ከዘጋችሁ ችግራችሁን ለእነሱ ማስተላለፍ ነው። ከአሁኑ ጥሯቸው፤ ሁለቱ መንገዶች አብረው ይታሰቡ። ከዚያ በቋሚ ግንባታ ከመጀመር ይልቅ በትልልቅ የአበባ ሣጥኖች ለጥቂት ወራት እንዲሞከር ጠይቁ። ሣጥን ይነሳል፣ ይገፋል፣ ይስተካከላል። ከሙከራው በፊትና በኋላ በሁለቱም መንገዶች ላይ የሚያልፈውን መኪና ቁጠሩ፤ ጠዋትም ማታም፣ በሥራ ቀን። እግረኛና ብስክሌተኛውም ይቆጠር፤ እነሱ ካልተቆጠሩ ስብሰባው ላይ የሚወራው ስለ መኪና ብቻ ይሆናል። የቆጠራ ቅጽ ካስፈለገሽ እኔ አዘጋጅልሻለሁ።