ተገለባባጭ የሬዲዮ አውሮፕላን ለመሥራት፦ ለማኅበሩ የምናስገባው ዕቅድ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ ቦርድ የምናስገባውን የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው አስቀምጫለሁ። ቁረጡት፣ ቀጥሉት፣ አልቀየምም።

«ከመስቀል በኋላ፣ ዕድሜያቸው 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስምንት ልጆቻችን ጋር፣ በሬዲዮ የሚበር አንድ የአክሮባት አውሮፕላን በእጃችን እንሠራለን። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር ነው። ለፋሲካ ይጠናቀቅና በሐምሌ በማኅበረሰባችን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ሜዳ ላይ ትርዒት ያሳያል። የምንጠይቀው 900 ዶላር ነው።»

በቃ ይኸው ነው። እሁድ ማታ ልዘጋው አስቤያለሁ።

ጋሼ (ጡረተኛ የአውሮፕላን መካኒክ)፦
ልጄ፣ አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን አልወደድኩም።

መጀመሪያ ሜዳው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምንም ማብረር አንችልም። በዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ገደማ ያለው ክብ ያለ ልዩ ፈቃድ ለማንኛውም የሞዴል አውሮፕላን ዝግ ነው። አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናት። ብዙዎቻችን የምንኖረው ክቡ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ግን ይፈቀዳል፤ ከ400 ጫማ በታች፣ በዓይን እያዩ፣ ተመዝግቦ። ስለዚህ መኪና አስነስተን ወደ ገጠር እንወጣለን። ደግሞ ክቡ ባይኖርም እንኳ፣ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ነገር ሰው ዶሮ ወጥ በሚበላበት ሜዳ ላይ አይገለባበጥም። እኔ ቆሜ አላይም።

ሁለተኛው ይብሳል። «ይጠናቀቅና ትርዒት ያሳያል» ብለሻል። በ«ይጠናቀቅ» እና በ«ትርዒት» መካከል ያለው ሥራ የት ገባ? አውሮፕላን ተሠርቶ ሲያልቅ ገና አውሮፕላን አልሆነም። መስተካከል አለበት። እኔ ዕቅዱን የምጽፈው ብሆን ግማሹን ገጽ ለማስተካከሉ እሰጥ ነበር።

የወጣቶች ተወካይ፦
ጋሼ በሜዳው ነገር አሳመኑኝ። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ለምን ተሠርቶ ያለቀ፣ 1.8 ሜትር የሆነ አንገዛም? በአንድ ማታ ገጥመን በሳምንቱ እናበራለን። ልጆቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ ያዩትን ዓይነት ነገር ነው የሚፈልጉት። በፕሮፔለሩ ተንጠልጥሎ አየር ላይ የሚቆመውን።

ገንዘብ ያዥ፦
የተባለው ዓይነት ከነሞተሩና ከነባትሪው ከ1,500 ዶላር አያንስም። ጠይቄያለሁ። በ1,500 ዶላር ቦርዱ ፊት እኔ አልቀርብም፤ አንተ ቅረብ።

አናጺው፦
ገንዘቡ ይቅርና ክብደቱን እንይ። 1.4 ሜትር ክንፍ፣ ሥሩ ላይ 32 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ጫፉ ላይ 24 ብለን ሥዕሉን ይዘናል። አማካዩ 28 ነው። ስፋቱ 39 ካሬ ዴሲሜትር ገደማ ይወጣል። አውሮፕላኑ 2 ኪሎ ቢመዝን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 51 ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህ ቀስ ብሎ የሚያርፍ፣ ለተማሪ ጊዜ የሚሰጥ ቁጥር ነው። 2.5 ኪሎ ካደረስነው 64 ይገባል። ያኔ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው።

ስለዚህ የእኔ ጭቅጭቅ ከኮላ ጋር ነው። ጀማሪ ሁሉ ኮላ ያፈሳል። ጅራት ላይ የፈሰሰ አንድ ግራም ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫ ላይ ሁለትና ሦስት ግራም ያስከፍላል። ባልሳውን እኔ እመርጣለሁ፤ ለጅራት ቀላሉን፣ ለክንፉ ወጋግራ ጠንካራውን። ሞተሩና የማረፊያው እግር የሚታሠሩበት ቦታ ብቻ ስስ ኮምፔንሳቶ ይገባል። ልጆቹ ስኳድራ ይዘው፣ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው፣ አቧራ እየበላቸው ይሠራሉ። የተገዛውማ ሲሰበር ይጣላል፤ የሠሩትን ግን ይጠግኑታል።

የወጣቶች ተወካይ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ሞተሩ ጉልበት ይኑረው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ አክሮባት አይባልም።

ጋሼ፦
ይኖረዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ በኪሎ 400 ዋት ይበቃል። ለ2 ኪሎ 800 ዋት። ባለ አራት ሴል ሊፖ ባትሪ 14.8 ቮልት ነው፤ 54 አምፔር ሲስብ 800 ይሆናል። የሞተሩ መቆጣጠሪያ 70 አምፔር የሚችል ይሁን፣ ትንሽ ትርፍ እንዲኖረው። 3,300 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ በአማካይ 25 አምፔር ቢሳብበትና 20 በመቶው ቢተርፍ ስድስት ደቂቃ ያበራል። ስድስት ደቂቃ አነሰ እንዳትል። ለሚገለባበጥ አውሮፕላን ስድስት ደቂቃ ረጅም ነው፣ ላብ በላብ ያደርግሃል።

እናት (የሁለት ተሳታፊ ልጆች)፦
ይቅርታ፣ ስለ ዋቱ አላውቅም። ባትሪው ይነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። የት ነው ቻርጅ የሚደረገው? ልጄ መኝታ ቤት ውስጥ ከሆነ አሁኑኑ ስሙን አውጡልኝ።

አናጺው፦
እህቴ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በብረት ሣጥን። ሰው ሳይኖር ቻርጅ አይደረግም። ሲሞላ በሴል 4.2 ቮልት ነው። ካልበረርን ግን 3.8 ላይ አውርደን ነው የምናስቀምጠው። ልጅ ባትሪ ይዞ ወደ ቤት አይሄድም። ቶሎ የሚይዘውንም ኮላ በር ከፍተን፣ መነጽር አድርገን ነው የምንጠቀመው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

እናት፦
በረቂቁ ውስጥ ይግባ። እንዲሁ በቃል አልፈልግም።

አስተባባሪ፦
ገብቷል። ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። «ማስተካከል» ያሉትን እንደ እኔ ላለ ሰው ይተንትኑልኝ። ቦርዱ ይጠይቀኛል።

ጋሼ፦
መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ አንድ አውሮፕላን ሠራሁ። ቀይና ቢጫ፣ ሽፋኗ እንደ መስተዋት። ዕድሜ ልኬን ትልቁን ስጠግን ኖሬ ትንሿ ታቅተኛለች እንዴ ብዬ ቸኮልኩ። ተነሣች፣ ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝ መለስኳት። ይብስ ወደ ግራ ሄደች። አይሌሮኖቹ፣ ማለትም አውሮፕላኑን በጎን የሚያዘነብሉት የክንፉ ኋላ ጠርዝ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ በግልባጭ ነበሩ። ሰባት ሰከንድ አልቆየችም። የቀረኝ አንድ ጎማ ነው፣ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

ስለዚህ አንደኛ፦ ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆመህ ሪሞቱን ወደ ቀኝ ስትገፋ የቀኙ አይሌሮን ቀና ይላል፣ የግራው ይወርዳል። ሁለት የተለያዩ ሰዎች አይተው ይፈርማሉ። ይህ ሲደረግ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ነው።

ቀጥሎ ሚዛን። ከአውሮፕላኑ መሐል መስመር 33 ሴንቲሜትር ርቀን ክንፉን ብንለካ 28 ሴንቲሜትሩን አማካይ ስፋት እናገኛለን። እዚያ ላይ፣ ከፊት ጠርዙ 7 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ምልክት እናደርጋለን። 25 በመቶ ነው። ለመጀመሪያው በረራ አውሮፕላኑ እዚያ ነጥብ ላይ በጣት ሲያዝ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አፍንጫው ትንሽ የከበደ አውሮፕላን ይደብራል፤ ጅራቱ የከበደ ግን ይገድላል። ከዚያ በኋላ እያየን ወደ ኋላ እንገፋለን፣ እስከ 8 ሴንቲሜትር ተኩል ድረስ።

አናጺው፦
ለዚህ ብዬ የባትሪውን ቤት ረዘም አድርጌዋለሁ። 350 ግራም ባትሪ አራት ሴንቲሜትር ቢንሸራተት፣ የ2 ኪሎው አውሮፕላን ሚዛን 7 ሚሊሜትር ይሄዳል። እርሳስ መለጠፍ አያስፈልግም።

የወጣቶች ተወካይ፦
መቼ ወደ ኋላ እንደምንገፋ በምን እናውቃለን?

ጋሼ፦
ጥሩ ጥያቄ። 45 ዲግሪ አውጥተህ ገልብጠው። በጀርባው ሆኖ እየወጣ እያለ እጅህን ከኤሌቬተሩ፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው የጅራት ክፍል፣ አንሳ። ወዲያው ወደ መሬት ከታጠፈ አፍንጫው ከብዷል። ወደ ሰማይ ከቀና ጅራቱ ከብዷል። ያዝኩት ያልከውን መስመር ይዞ ሄዶ ቀስ ብሎ ዝቅ ካለ፣ እዚያው ተወው።

ሞተሩም እንዲሁ። ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ስለዚህ ሞተሩን ከመጀመሪያው ሁለት ዲግሪ ተኩል ወደ ቀኝ አዙረን እናሥረዋለን። ቀጥ ብሎ ሲወጣ አሁንም ወደ ግራ ካዘነበለ፣ ከኋላው አንድ ቀጭን ሪንግ እንጨምርበታለን። በራደር፣ ግራና ቀኝ በሚያዞረው የጅራት ክፍል፣ እያስታመሙ መብረር አይሆንም። ክንፍና ጅራቱም በአንድ ማዕዘን ይሁኑ፣ ዜሮ ለዜሮ። አናጺያችን በውሃ ልክ ያየዋል።

በጎን በኩል ደግሞ ሚዛን አለ። ብዙ ሰው ይረሳዋል። አፍንጫውንና ጅራቱን በገመድ አንጠልጥለህ የትኛው ክንፍ እንደሚወርድ ታያለህ። በቀለለው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ትጨምራለህ። ይህን ያላደረገ ሰው ክብ ሲሠራ ክቡ እንደ ቡሽ መፍቻ ይጠማዘዝበትና ጥፋቱን በነፋስ ያሳብባል።

የወጣቶች ተወካይ፦
ሪሞቱን እኔ ልውሰደው። ሲሙሌተር ላይ ስጫወት የተማርኩት አለ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ኤሌቬተሩ ብዙ ከተንቀሳቀሰብን ሪሞቱ ላይ 50 በመቶ አድርጌ ልቀንሰው?

ጋሼ፦
አይሆንም! ሰርቮው፣ ኤሌቬተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ሞተር፣ ግማሽ ጉልበቱንና ግማሽ ትክክለኛነቱን ትጥልበታለህ። ከሰርቮው ክንድ አጭሩን ቀዳዳ ተጠቀም፣ በኤሌቬተሩ በኩል ረጅሙን። ሪሞቱ 100 በመቶ ይቆይ። ሪሞቱ መሐል ላይ ሲሆን ክንዱ ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ ይሥራ። በጣትህ ስትነካው የሚወላወል መገጣጠሚያ ካለ አውጥተህ ጣለው። የአይሌሮኑንም ክፍተት በግልጽ ፕላስተር ዝጋ፤ አለዚያ በፍጥነት ላይ መርገፍገፍ ይጀምርና ክንፉን ይዞት ይሄዳል።

ለጅማሬ አይሌሮን 12 ዲግሪ፣ ኤሌቬተር 10፣ ራደር 30። ሪሞቱ ላይ ያለውን ማለስለሻ፣ መሐል አካባቢ እንቅስቃሴውን የሚያለዝበውን፣ 25 በመቶ አድርግ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ፉታባ በሚባለው ሪሞት ላይ የሚያለሰልሰው ቁጥር ነጌቲቭ ነው፣ ስፔክትረም በሚባለው ላይ ፖዘቲቭ። በተቃራኒው ካስገባኸው አውሮፕላኑ እንደ ፌንጣ ይዘላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሂሳቡን ሠርቻለሁ። እንጨትና ኮላ 160፣ መሸፈኛ 55፣ ሞተርና መቆጣጠሪያ 130፣ አራት ሰርቮ 100፣ ሁለት ባትሪ 100፣ ሪሲቨር (አውሮፕላኑ ላይ ያለው የሬዲዮ ተቀባይ) 45፣ ፕሮፔለር፣ ጎማና ቁርጥራጭ ነገር 70። ድምሩ 660። ለማስተካከያ መለኪያዎች 60፣ ለጥገና 80። 800 ዶላር ሆነ። ከ900 ወርደናል፣ ቦርዱ ደስ ይለዋል። ሪሞትና ቻርጀር ከጋሼ ስለሆነ አልቆጠርኩም። ምዝገባና ኢንሹራንስስ?

ጋሼ፦
ከ250 ግራም በላይ ስለሆነ ፌዴራል አቪዬሽን ጋር ይመዘገባል። 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት። ቁጥሩ ውጭ ላይ፣ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። በራሱ ስም የሚመዘገብ 13 ዓመት የሞላው ነው። ሪሞት የሚጨብጥ ሁሉ፣ ልጅም ቢሆን፣ ነጻውን የደህንነት ፈተና በኢንተርኔት ይወስዳል። ሜዳውን የሞዴል አቪዬሽን አካዳሚ አባል ከሆነ ክለብ እንለምን፤ አካዳሚው ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው፣ አባልነቱ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ይዞ ይመጣል። ሜዳው ከአቪዬሽኑ ዕውቅና ያገኘ ከሆነ የርቀት መለያ መሣሪያ፣ የአውሮፕላኑን ማንነትና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቀውን፣ መግጠምም አይጠበቅብንም።

አዲስ አባል፦
በኋላ አዲስ አበባ ላሉ ልጆች ብንልከውስ? የአክስቴ ልጅ ይጓጓል።

ጋሼ፦
ፈቃዱ የራሱ ጣጣ አለው፣ ቀድሞ ነው የሚያዘው። አየሩ ደግሞ ሌላ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ እዚህ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ይኸው አውሮፕላን እዚያ ለመንሳፈፍ ብቻ 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ፕሮፔለሩም ተለቅ ያለ ይፈልጋል። አሁን አናደባልቀው።

እናት፦
መጀመሪያ ማነው የሚያበረው? ልጄ አይሁን።

ጋሼ፦
እኔም አልሆንም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከክለቡ ልምድ ያለው አስተማሪ ያበራዋል። ልጆቹ በሁለት ሪሞት፣ በአስተማሪና በተማሪ አገናኝተን ነው የሚይዙት። ልጁ ከሳተ አስተማሪው አንድ ማብሪያ ነክቶ ይወስደዋል።

አስተባባሪ፦
እንግዲያው ይኸው የተስተካከለው፦

«ከመስቀል በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ 13 ዓመት ከሞላቸው ስምንት ልጆች ጋር በእንጨት ሱቅ ውስጥ 1.4 ሜትር ክንፍ ያለው፣ ከ2 ኪሎ የማይበልጥ የአክሮባት አውሮፕላን እንሠራለን። ባትሪ የሚሞላው በሱቁ ውስጥ፣ በአዋቂ ፊት ብቻ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ለማስተካከል ብቻ ይመደባል፤ ሚዛን፣ የሞተር አቅጣጫ፣ የሰርቮ ልክ፣ የሬዲዮ ርቀት ሙከራ፣ ምልክት ሲጠፋ ሞተሩ እንደሚቆም ማረጋገጥ። ሁለት ሰው ካልፈረመ አይበርም። ከፋሲካ በኋላ በፈቃደኛ ክለብ ሜዳ ላይ ልምድ ያለው ሰው ያበረዋል። በማኅበረሰባችን ቀን አውሮፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ይታያል፣ አይበርም። የምንጠይቀው 800 ዶላር ነው።»

ገንዘብ ያዥ፦
ምዝገባው 5 ዶላር ነው። 805 በዪው።

አናጺው፦
እስማማለሁ። ግራም የሚለካ ሚዛን ማን አለው? የእኔ የበግ ነው።

እናት፦
እኔ ቡና የምመዝንበት አለኝ። እስከ 3 ኪሎ ይችላል። ባልሳችሁ ቡና ቡና ቢሸት እኔን አትውቀሱ።