ቱርቦ ያስገባሁለት ሞተር በትንፋሽ ብዛት ዘይት እየተፋብኝ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከጅማ ነው። 1.6 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ላይ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) አስገጥሜያለሁ፤ ግፊቱ 0.7 ባር ነው። እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አይለኝም። የጊቤን አቀበት ስወጣ ግን የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ የኋላው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ማሸጊያ) ያፈሳል፣ ከጭስ ማውጫውም ሰማያዊ ጭስ ይከተለኛል። ፓራኦሊዮውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) አስወርጄ። በጣም ደክሞኛል።

አንድ ጋራዥ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት» አለኝ፤ ፋሻ ማለት የፒስተኑ ቀለበት ነው። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ የሚጨምቁት ግፊት) ሲለካ ግን አራቱም ከ150 እስከ 155 ፒኤስአይ፣ ደህናና ተቀራራቢ ናቸው፤ ስለዚህ ለመክፈት እጄ አልሄደም።

እኔ የምጠረጥረው መተንፈሻውን፣ ማለትም በፋሻው አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደው ጋዝ (ትንፋሹ) የሚወጣበትን መንገድ ነው። ነዳጅ ሳልረግጥ ፒሲቪ ቫልቩ (የመተንፈሻው ቫልቭ) በማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) መሳብ ትንፋሹን ይወስዳል። ቱርቦው ሲገፋ ማኒፎልዱ ራሱ ግፊት ስለሚሆን ቫልቩ ይዘጋል፤ በፋሻው አልፎ የሚወርደው ጋዝ ሁሉ የሚቀረው መውጫ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን የሚነሳው አንድ ቱቦ ብቻ ነው። እሱም የፋብሪካው፣ ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ነው። ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ግፊት ሲጠራቀም የቱርቦው ዘይትም ወደ ታች መመለስ ያቅተዋል፤ ሰማያዊው ጭስ ከዚያ ይመስለኛል።

ቱቦውን ወደ 19 ሚሊ ሜትር ባሰፋውና ዘይት የሚያጠራቅም ጣሳ ባስገባ ይበቃል? ወይስ ሁለት ቱቦ ያስፈልጋል? የጣሳውን መውጫስ ወደ አየር ልልቀቀው ወይስ ከቱርቦው በፊት ወዳለው መሳቢያ ልመልሰው? የኮፓውን ግፊት ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ፣ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በኩል የለካ ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ። ሦስተኛ ጊዜ ካምቢዮ ከማስወረዴ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።