በኮምቦልቻ አዳራሽ የድምፅ ዝግጅት ላይ ምክር እንድትለግሱኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የድምፅ ባለሙያዎች፣

ኮምቦልቻ ውስጥ ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 18 ሜትር በሆነ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የብሎኬት ግድግዳ ባለው አዳራሽ ለሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት የስፒከሮቹን አቀማመጥ እያቀድሁ ነው። የስፒከር ድምፅ በአዳራሹ እንዴት እንደሚዳረስ አስቀድሞ በሚያሰላው በኢዝ ፎከስ 3 ሶፍትዌር ስሠራው ከፊት እስከ ኋላ ወንበር ያለው የድምፅ መጠን ልዩነት ከ4 ዴሲቤል አልበለጠም፤ በተግባር ስንሞክረው ግን ከአዳራሹ አጋማሽ ወዲያ የድምፃዊቷ ቃላት ፈጽሞ አይለዩም። ሰው ከደሴ ድረስ ወርዶ የሚመጣው ግጥሙን ሊያደምጥ በመሆኑ ጉዳዩ እጅግ አሳስቦኛል።

ሶፍትዌሩ የሚያሰላው ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርሰውን ድምፅ እንጂ ከጣሪያና ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ስለዚህ ከመድረኩ 24 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ረዳት ስፒከሮች ለመስቀል አስቤ፣ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ በመያዝ ዲሌያቸውን (ድምፃቸው ከመድረኩ ዋና ስፒከሮች ዘግይቶ የሚወጣበትን ጊዜ) 70 ሚሊሴኮንድ አድርጌዋለሁ። ሙከራው በባዶ አዳራሽ የተደረገ ነው፤ ሰው ሲሞላ ማሚቶው እንደሚቀንስ ባውቅም በዚያ ብቻ መተማመን አልደፈርሁም።

ረዳቶቹን ጨምሬ የዋናዎቹን ድምፅ ልቀንስ፣ ወይስ አስቀድሜ ዋናዎቹን ወደ ተመልካቹ አዘንብዬ የኋላውን ግድግዳ በወፍራም መጋረጃ ልሸፍን? በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሠራችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።